ከአያ ገብሬ ጋር በተከለለው በረሃ የዋልንበት ዓርብ

ከሰቆጣ የተነሣነው ሰዎች እነዚህ ነን። ወይዘሮ ትርፌ፣ የአያ ገብሬ ታላቅ እህት፣ ጠላ ሸጣ ልጆች ያሳደገች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት። ሰይድ፣ ገበያው ዳር የጨው፣ የስኳርና የሳሙና ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ነጋዴ፤ ስለ ቀልዱ ብዙ ጊዜ ገሥጬዋለሁ። መምህር አዳነ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ገና ትዳር ያልያዘ ጨዋ ወጣት። እኔ ወንድሙ፣ ወፍጮ ቤት ያለኝ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደልን ከደንበኞቼ ልጆች ደብተር ላይ ለቅሜ የተማርሁ፣ ስድስት ልጆች በቁጣም በምክርም ያሳደግሁ ሰው። የሄድነው ወደ አያ ገብሬ ነው። እሱ በሰሃላ ቆላ፣ መሬቱ ወደ ተከዜ በሚወርድበት በረሃ፣ ሕዝቡ ከፍየልና ከመጥረቢያ የከለለውን የዕጣን ዛፍ ዱር ይጠብቃል። ሚስቱ ዝናሽ ትባላለች። አንድ ልጃቸው ሞገስ ነበር።

ነበር ያልሁት ሞቷልና ነው። ሞገስና የኔ ልጅ ታምራት አብረው ወጥተው በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ተጓዙ። ማክሰኞ ዕለት ታምራት ከባሕር ማዶ ደወለልኝ። በመጀመሪያ «አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ። ቀጥሎ ሞገስ ባሕሩን ሳያይ በውሃ ጥም እንደሞተ፣ አሸዋ አልብሰውት እንዳለፉ ነገረኝ። አንባቢን አልዋሽም፤ የመጀመሪያውን ቃል ስሰማ ደስ አለኝ፣ ሁለተኛውን ከሰማሁ በኋላም ደስታው ወዲያው አልለቀቀኝም። የሰው ልብ እንዲህ ነው፣ የራሱን ቆጥሮ ሳይጨርስ የጎረቤቱን አይቆጥርም።

ለወይዘሮ ትርፌ የነገርኋት እኔ ነኝ። አለቀሰች፤ ዕንባዋን ጠርጋም ሥርዓቱን ታወጣ ጀመር። መርዶ በቀትር አይነገርም። ሰውየው መንገድ ላይ ሳለ አይነገርም። እናትና አባት በልተው አድረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል በቤታቸው ይነገራቸዋል። ግን መቸኮል አለብን፤ ወሬው ሰቆጣ ገብቷል፣ በቅዳሜ ገበያ ሰሃላ ይወርዳል፣ አባት የልጁን ሞት ከአህያ ነጂ አፍ መስማት የለበትም። እስከዚያ ለምን መጣችሁ ሲለን ምን እንላለን? መላውን ያመጣው ሰይድ ነው። አያ ገብሬ ለገበያ በመጣ ቁጥር ሱቁ ተቀምጦ «ኑና የከለልነውን እዩ፤ እናንተ ከተሜዎች ዛፍ የምታውቁት በጣውላነቱ ነው» ይል ነበር። እንግዲህ ልናይ መጣን እንበል አለ።

እኔ ተቃወምሁ። ውሸት በነጭ ነጠላ ቢጠቀለልም ውሸት ነው ብዬ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። «እንደደረስን ልንገረውና ይገላገል» አልሁ።

«ጋሽ ወንድሙ፣» አለች ትርፌ፣ «እርስዎ እውነት ሲናገሩ ሰው ይወድቃል። ወንድሜ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አይነገረውም። እስከ ቅዳሜ ንጋት አፍዎን እንዲይዙ በሞተው ልጅ ይማሉልኝ።»

ማልሁላት።

ሐሙስ

ጠዋት በአይሱዙ ተሳፈርን። ትርፌን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናት፤ እኛ ከኋላ በስኳርና በዱቄት ጆንያ ላይ ወጣን። ሾፌሩ ጫቱን ጉንጩ ላይ ቆልሎ ሲነዳ ባየሁ ጊዜ መስኮቱን ደብድቤ የሰው ነፍስ እንደጫነ አስታወስሁት። ሰይድ ሳቀና «አንተ ሰው፣ ገነት ስትገባም በረኛውን ትገሥጻለህ» አለኝ። በዚያን ቀን ገና መሳቅም መቆጣትም እንችል ነበር።

ከተማችን ሰቆጣ ድንጋያማ ናት፣ ነፋሷም ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢ ከትከሻ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ ገብሱ ቀረ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉ ቀረ፣ በመጨረሻ ጋቢያችን ከትከሻችን ወረደ። ከሰዓት በኋላ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ራሱ የተጣፈ ስለነበረ ሾፌሩና ረዳቱ ሲጥፉ ብዙ ቆየን። በመንገዱ ያለፈች አንዲት ሴት ከማሳዋ የማሽላ አገዳ ቆርጣ ሰጠችን። በሰቆጣ ውሃ የለመነ ሰው እንኳ የማን ልጅ ነህ ይባላል። እዚህ ማንም ስማችንን አልጠየቀንም።

መኪና በሚቆምበት ትንሽ ቦታ፣ አንዲት ባልቴት ዘንድ አደርን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፏል፤ በሽሮና በማሽላ እንጀራ አስተናገደችን። ወዴት ትሄዳላችሁ አለች። «የተከለለውን ዱር ልንጎበኝ» አለ መምህር አዳነ፣ ደብተር ላይ እንደተጻፈ መልስ።

ባልቴቷ የትርፌን እብጥ ያለ ጉልበት አየች። «በዚህ ጉልበት? ዛፍ ለማየት?»

ትርፌ ጉልበቷን በቀሚሷ ሸፈነች። ባልቴቷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ውሃ አሙቃ ጨው ጨምራበት የትርፌን ጉልበት አጠበችላት፣ የራሷን መኝታ ለቀቀችላት። ጠዋት ሒሳብ ስንል «ስትመለሱ» አለች። ነገሩ እንደገባት ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብን። ግን ሰው ሊሸሽገው የፈለገውን ነገር የሸሸገ ይመስለዋል።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ወረድን። ለትርፌ አህያ ተከራየንላት። መልእክት በአህያ ነጂ ልከን ስለነበር አያ ገብሬ ከዱሩ አፍ ላይ ይጠብቀን ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጩ የገባ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከአገውኛ አፉ እያወጣ በዝግታ ይናገራል። እህቱን ከአህያው ላይ አቅፎ አወረዳትና «እትዬ፣ አንቺም ጎብኚ ሆንሽ?» አላት። ትርፌ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ «ላቡ ነው» አለች።

ዱሩ አጥር የለውም፤ ተራ ድንጋይ ብቻ ተደርድሮ ወሰኑን ያመለክታል። ከዚያ ወዲያ ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕጉ የሽማግሌዎች ቃል ነው፣ ቄሱም በግዝት አስረውታል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይፈራዋል። ሰይድ የኪሱን ካራ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። አያ ገብሬ ሳቀ፦ «ካራህስ እዚህ ቀረ። ምላስህን የት እናስቀምጠው?»

ሰይድ በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ነገር አሥር መልስ ነበረው። ያን ቀን «እውነትህን ነው አያ ገብሬ» ብሎ አለፈ።

ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አትሄዱበትምና። ወሰኑን ሳትሻገር ምድሩ እንደ ተላጨ ራስ ነው፤ ፍየል የላሰው ድንጋይና እሾህ። ከተሻገርህ በኋላ ሣሩ ደርቆም ጉልበት ይደርሳል፤ በየዓመቱ ታጭዶ ለየቤተሰቡ በእኩል ይከፋፈላል። የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል፣ ልጡ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ በነፋስ ይንሿሿል። ዝግራዎች ከፊታችን በመንጋ ይሮጣሉ። ሙቀቱ ግን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ይመጣል። በሰቆጣ ፀሐይን ጥግ ይዘህ ታመልጣታለህ፤ እዚያ ጥላውም ይሞቃል።

አያ ገብሬ ከፊት እየመራ የእያንዳንዱን ዛፍ ነገር ያወራል። ለጠባቂነቱ ሕዝቡ እህል ይሰፍርለታል፣ ሌላ ደመወዝ የለውም። አንድ ሜዳ ላይ ቁመታቸው ከሰው የማይበልጥ ዛፎች በረድፍ ቆመው አየን። «እነዚህን ሞገስ ነው የተከለ» አለ። «የትልቁን ዛፍ ክንድ በበጋ ቆርጠህ በደረቅ ምድር ትቀብረዋለህ። እስኪዘንብ የሞተ ነው የሚመስልህ። ሲመለስ ለዕጣን ይደርሱለታል።»

መምህር አዳነ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ትርፌ አህያዋን ነድታ አለፈችን።

ጥቂት እንደሄድን አያ ገብሬ ከኔ ጋር እኩል ሆነና «ጋሽ ወንድሙ፣ ሁለቱንም በሬዎቼን ሸጬ እኮ ነው የላክሁት» አለኝ። «ዘንድሮ በሰው በሬ ነው ያረስሁ። ግን ምን ይደረጋል፣ ይመጣል።»

«ይሁን፣ ምን ይደረጋል» አልሁት።

ቀትር ሲሆን ከአንድ ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ደረስን። ከቅርንጫፉ ቢጫ ጄሪካን ተንጠልጥሏል፣ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ከጎኑ ቅል ታስሯል። የመንገደኛ ውሃ ነው። አያ ገብሬ ከታች ከምንጩ እየቀዳ በትከሻው ያወጣዋል። ማን እንደሚጠጣው አይጠይቅም፤ ጠጥቶ ጨርቁን መልሶ መሸፈን ብቻ ነው ሕጉ። ለእያንዳንዳችን ቀዳልን። የጾም ቀን ስለነበር ከዚያ ሰዓት በፊት ምንም አልቀመስንም፤ ውሃው ጭስ ጭስ ይላል፣ ቀዝቃዛ ነው። ልጄ በስልክ የነገረኝ ትዝ አለኝና ሁለተኛውን ቅል ሳልጠጣ ለሰይድ አሳለፍሁለት።

ትርፌ ዳቦና ቆሎ አወጣች፣ በላን። እሷ በዚያው ጥላ ውስጥ ጋደም አለች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሰይድ ሊሰግድ ፈቀቅ አለ፣ መምህር አዳነም አህያውን ሣር ወዳለበት ወሰደ። ሁለታችን ቀረን።

አያ ገብሬ ጨርቁን በጄሪካኑ አፍ ላይ እያሰረ፣ ሳያየኝ «ጋሽ ወንድሙ፣» አለ፣ «ከጠዋት ጀምሮ አብረን ስንሄድ አንዴም አልገሠጹኝም።»

«ምን አጠፋህና?»

«በሬ ሸጬ ልጅ ላክሁ ስልዎ ዝም አሉ። ባለፈው ለዚሁ ነገር ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጁን በበሬ የሚለውጥ ገበሬ ብለው ሰድበውኛል። ያን ቀን ተቀይሜዎት ነበር። ዛሬ ቢሰድቡኝ በወደድሁ። ሰይድ አልቀለደም። እህቴ ጉልበቷን ይዛ ቆላ ወረደች። እናንተ ለዛፍ አልመጣችሁም።»

መሐላዬ ታወሰኝ። ዝም ማለትም መናገር መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ስሙን አይጥሩልኝ» አለ። «እስከ ነገ አይንገሩኝ። ዝናሽ እንግዳ መጣልኝ ብላ ከትናንት ጀምራ ትፈጫለች። ዛሬ ትደሰት፣ ትብላ፣ ትተኛ። እኔም ዙሬን ልጨርስ። ለነዚያም ማወቄን አይንገሩ፤ እህቴ ካወቀች ማታውን አትችለውም።»

«እሺ» አልሁ።

«አንድ ነገር ብቻ። ውሃ ነበረው?»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ምን ልትል ትችል እንደነበር አስብ። ነበረው ማለት እችል ነበር። በበሽታ ነው የሞተ ማለት እችል ነበር። በዚያ በረሃም ደግ ሰው ውሃ ሰቅሎ ነበር ማለት እችል ነበር። ዕድሜ ልኬን እውነት ነጻ ያወጣል ስል ኖርሁ፣ አንደበቴም ሌላ ሥራ አልለመደም።

«አልነበረውም» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ሒሳብ እንደ ተነገረው ሰው። ተነሥቶ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ፣ መዳፉን ግንዱ ላይ አስደግፎ ቆየ። ደግ አደረግሁ ወይስ ክፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነት መልካም ነው፤ ግን ለተጠማ ሰው ውሃ አይሆንም።

ሰይድ ሰግዶ ሲመለስ አያ ገብሬ ወደ እሱ ዞረና «ምን ብለህ ጸለይህ? የስኳር ዋጋ ይጨምር ብለህ ነው?» አለው። ሰይድ በዚህ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ድረስ የሚቀልደው አያ ገብሬ ሆነ። ለመምህር አዳነ የከርከሮ ዱካ ያሳየዋል፤ ትርፌን «አንቺ ልጅ ሳለሁ ከአህያ ጥለሽኝ አልነበር፣ ዛሬ ብድሬን ልመልስ» ይላታል። ወንዙ ከሩቅ የሚታይበት አፋፍ ላይ አወጣንና በጣቱ እያመለከተ የወዲያውን አገር ስም ቆጠረልን። ሰይድ በጆሮዬ «ተመስገን፣ አንዳች አልጠረጠረም» አለኝ። እኔ ሁለት ምስጢር ተሸክሜ እሄድ ነበር፤ አንዱን ከእሱ ጋር በነሱ ላይ፣ ሌላውን ከነሱ ጋር በዝናሽ ላይ። ውሸት አልወድም ያለ ሰው በአንድ ቀን የደረሰበትን እዩ።

ማምሻውን ቤቱ ገባን። ዝናሽ ከደጅ ወጥታ ሁላችንንም ጉንጫችንን ሳመች። ደርባባ፣ ሳቅ የሚቀርባት ሴት ናት። እግራችንን አጠበች፣ አሻፈረን ብንልም። የማሽላ እንጀራ፣ የሽምብራ ሽሮ፣ ለጾም ያስቀመጠችውን የኑግ ልጥልጥ ሁሉ አቀረበች። በሰቆጣ ለእንግዳ የቤቱ ምርጥ ይቀርባል፤ በዝናሽ ቤት የቀረበው የቤቱ ሁሉ ነበር። ከኔ ፊት ቁጢጥ ብላ «ታምራት ደወለ ወይ ጋሼ? የኛ ልጅ እኮ ስልኩ አይመታም» አለች።

አያ ገብሬ ቀድሞ «እንግዳው ጉሮሮው ደርቋል፣ ጠላ ቅጂ እንጂ» አላት። ቀዳች። ጠጣሁ። ስትስቅ ስትመላለስ አየኋት፤ አያ ገብሬም ያያት ነበር፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሣ። እሱ ግን እንጀራውን በእጁ ይዞ አልጎረሰም።

ቅዳሜ

ሊነጋ ሲል ትርፌ በምስጢር ያስጠራቻቸው ቄሱና ጎረቤቶች በዝምታ ገቡ። ዝናሽ ገና እሳት ልታያይዝ ጎንበስ ብላ ነበር። በትራቸውን ደጅ ጥለው የገቡትን ወንዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። አያ ገብሬ ከኋላዋ ሄዶ ቆመ። ሌሎቹ ባሏን ሊይዙት ወደ እሱ ተጠጉ፤ እሱ ግን እሷን ለመያዝ ክንዱን ዘርግቶ ነበር።

መርዶውን መናገር በኔ ላይ ተጥሏል። «ዝናሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠሽን ወስዷል። ሞገስ ዐርፏል» አልሁ።

«አይሆንም» አለች፣ ረጋ ብላ። «ትናንት እኮ እንግዳ ነው የመጣልኝ።» ወደ ትርፌ ዞረች። «ትናንት ስስቅ እያያችሁኝ?» ከዚያ በኋላ ያለውን በአገውኛ ነው የጮኸችው፤ ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

አያ ገብሬ አላለቀሰም። አቅፏት ተቀመጠ። ሴቶቹ በጓሮ «ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነው፣ አንድ ልጁን» ሲሉ ሰማሁ። ተነሥቼ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲያለቅስ ነው የዋለው ልላቸው ፈለግሁ። ቃል ሰጥቼዋለሁና ተውሁት። ሐሜትን ሰምቼ ሳልገሥጽ ያለፍሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀኑን በለቅሶ ዋልን። ፎቶውን በነጠላ ላይ አኑረው ዞሩበት፤ ሬሳ የለም፣ የሚቀበር ነገር የለም። ወጣቶች ሆይ፣ ስለ መንገዱ ክፋት ብዙ ልነግራችሁ አስቤ ነበር። ግን የኔም ልጅ ሳይነግረኝ ነው የወጣው፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማወራበት አፍ የለኝም። እናታችሁ በፎቶ ዙሪያ እንዳትዞር ብቻ ብዬ ልለፍ።

እሑድ

ትርፌ ለሐዘኑ ቀረች። ሦስታችን ተመለስን። አያ ገብሬ እስከ ዱሩ ወሰን ሸኘንና «መንገዱ ይቅናችሁ» ብሎ ሌላ ሳይጨምር ተመለሰ። ባልቴቷ ዘንድ ስንደርስ «ነገራችኋቸው?» አለችን። ነገርናቸው አልን። የሁለቱንም ሌሊት ሒሳብ አልቀበልም አለች። አይሱዙው ላይ ሰይድ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሾፌሩ ጫቱን ይዞ ነበር፣ እኔም አልተናገርሁትም።

ከዐርባው በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ አያ ገብሬ ሰቆጣ ገበያ መጣ። በሰይድ ሱቅ አገኘሁት፤ የባሰ ከስቷል። ሳይቀመጥ «የዚያን ጊዜ መንገድ ስንት አወጣችሁ?» አለ።

ሰይድ ተቆጣ። «አብደሃል? ከሐዘንተኛ ብር ልንቀበል ነው?»

«አልለምንህም፣ ንገረኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ወንድሙ፣ እርስዎ አይዋሹም። ልጄን ማን ቀበረው? አሸዋ አልብሰውት ሄዱ። እኔ የቀበርሁት ያን ዓርብ ነው፣ ከእናንተ ጋር፣ ዱሩን ስንዞር። ከኋላዬ ሰው ነበረኝ፣ ብቻዬን አልነበርሁም። ያ ቀብሩ ነው። አባት ከልጁ ቀብር ወጪ አይጎድልም።»

ሰይድ የሱቁን ባንኮኒ ያዘ፤ አያ ገብሬ ያን ዓርብ ሁሉን እያወቀ እንደዋለ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሒሳቡን ምንም ሳልደብቅ ነገርሁት። የአይሱዙ፣ የአህያ ኪራይ፣ ለለቅሶው የወሰድነው ስኳርና ቡና፣ ሻማና ጧፍ፣ በጠቅላላው አራት ሺህ አምስት መቶ ብር። እሱን ጨምሮ ለአምስት ተካፈለ፤ ለእያንዳንዳችን ዘጠኝ መቶ ብር ደረሰብን።